«ትናንት የት አደርክ?»
(ስለ እምነት፣ ስለ መንገድና ስለ ዕለት ኑሮ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እኛ በአብርሃ ጅራ ተወልደን፣ በዚህችው ሰንበት ት/ቤት አድገን፣ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንማር ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ ነን። ለዚህ እትም ትምህርታዊ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርንም። ባለፈው ዓመት በመካከላችን የነበረ አንድ የአብነት ተማሪ፣ ወንበር ዘርግቶ ሳያስተምር ትልቅ ትምህርት ትቶልን ሄዷል። እርሱን መነሻ አድርገን እምነት፣ መንገድና የዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚገናኙ አብረን እንመልከት።

1ኛ. ተማሪና መንገድ

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ አይፈጸምም። ሕፃኑ በአጥቢያው ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ አገር ለቆ ይወጣል። ቅኔ የሚሻ ወደ ዋድላ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ያቀናል። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር በአታ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰጠውንም ያልሰጠውንም መርቆ ያልፋል።

ይህ ልመና በድህነት ምክንያት ብቻ የመጣ አይደለም። የሀብታም ልጅም ቢሆን ተማሪ ከሆነ ይለምናል። መንገዱ ራሱ ትሕትናን የሚያስተምር አንድ ጉባኤ ቤት ነውና። ተማሪው የማያውቀው ሰው ቁራሽ እንደሚያኖረው ሲያይ፣ በእግዚአብሔር መታመንን በቃል ሳይሆን በሆዱ ይማራል። ነገር ግን ይህ ትምህርት ያለ እኛ አይፈጸምም። ደጁን የሚከፍት ሰው ከሌለ የተማሪው መንገድ ወዴት ያደርሳል?

2ኛ. በነዶ መካከል

ያገራችንን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ የሰሊጡን አረም ለማረም፣ መስከረምና ጥቅምት ሲደርስ ደግሞ ለአጨዳ፣ ከደጋው ሕዝብ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይጎርፋል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው እንደበሰለ ቶሎ ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ያጭዳል፣ ነዶውን ያስራል፣ በሂላ ያቆማል፤ ሲመሽም ከእርሻው ሳይርቅ ባገኘው ጥላ ሥር ይተኛል። ከእነዚህም መካከል ወደ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ የሚቀረውን «ሳሉግ» እያልን እንጠራዋለን። ስሙን ስንጠራው ግን ሁልጊዜ በአክብሮት አይደለም።

ይህ ዲያቆንም ከሠራተኞቹ ጋር በሐምሌ ወረደ። በጾመ ፍልሰታ ከእርሻው በእግሩ እየመጣ ቅዳሴ ያገለግል ነበር። ድምፁ ያማረ ስለ ነበር ሁላችንም ወደድነው። ሆኖም ከእኛ አንዳንዶቹ «ተማሪ ጉባኤውን ትቶ ለገንዘብ ይሮጣል?» ብለን አማነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለዚሁ ጠየቅነው። እርሱም ሳይቀየም፣

«እናቴ የማዳበሪያ ዕዳ አለባት። እኔም ለመጪው ዓመት ልብስና መጽሐፍ ያስፈልገኛል። ትምህርቱን ግን አልተውኩትም፤ ነዶ እየቆጠርኩ ቅኔ እቆጥራለሁ» አለን።

ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩን ስናስበው አፈርን። እኛ ጸሎትን ለቤተ ክርስቲያን፣ ሥራን ለእርሻ፣ ትምህርትን ለክፍል ከፋፍለን አስቀምጠን ነበር። እርሱ ግን ሦስቱን በአንድ ማጭድ ይዟቸዋል።

3ኛ. ስሕተታችን

ያን ዓመት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ዘግይቶ ስለ ተጀመረ እስከ ኅዳር እዚሁ ነበርን። ጥቅምት ሲጋመስ ዲያቆኑን ትኩሳት ያዘው። «ወባ ነው» አልነው፤ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠ። አልተሻለውም። ጠበል ገባ፤ እኛም ጸለይንለት። በየእሑዱ ዳቦና ቆሎ እንሰጠው ነበር። ሰውነቱ እየከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል እየተነፋ ሲሄድ እያየን፣ የሚገባንን ሁሉ እንዳደረግን ቈጠርን።

አንድ ቀን ግን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚቀመጡ አንዲት እናት ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ፣ ትናንት የት አደርክ?»

«ከግራሩ ሥር ነው እናቴ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«እዚያው ነኝ፤ ከወረድኩ ጀምሮ እዚያው ነኝ።»

እናታችን አንገታቸውን ነቀነቁ። «የእኔም ልጅ እንዲሁ ከግራር ሥር እያደረ ነው የታመመው። ይህ ወባ አይደለም» ብለው እኛን ዞር ብለው አዩን። አራት ወር ሙሉ አብሮን ሲያገለግል ይህችን አንዲት ጥያቄ ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ከጣቱ ደም ተወስዶ ሲመረመር ካላዛር መሆኑ ታወቀ።

4ኛ. ስለ በሽታው ልናውቀው የሚገባ

ካላዛር የሚተላለፈው ከወባ ትንኝ በምታንስ፣ ስትበር ድምፅ በማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ነው። ይህች ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ በኵይሳና በግራር አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነድፈውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ ይጋለጣል። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ የሰውነት መክሳትና የደም ማነስ ነው። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ሕክምናው በአብዛኛው 17 ቀን የሚወሰድ መርፌ ነው፤ ያማል፣ ነገር ግን ያድናል። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል፤ በጎረቤታችን በአብደራፊም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሕሙማኑን ለብዙ ዓመታት ሲረዳ ቆይቷል።

በሽታው በእኛ ዘመን የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ የሑመራ እርሻዎች በተስፋፉ ጊዜ ብዙ የቀን ሠራተኞችን ለክፏል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በደጋው በሊቦ ከምከም ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ላይ ወባ መስሎ ስለ ታየ ሳይታወቅ ብዙ ሰው ጨርሷል። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደ ገቡ ይታመናል። እንግዲህ ዛሬ በእኛ ግራር ሥር ያለ አጎበር የሚተኛው እንግዳ፣ ነገ ሕመሙን ተሸክሞ ወደ እናቱ ቤት ይገባል ማለት ነው።

5ኛ. ከቅዱሳት መጻሕፍት የምናገኘው ትምህርት

አባታችን አብርሃም ከአገሩ ወጥቶ በድንኳን የኖረ መንገደኛ ነበር። በቀትር ሙቀት ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ እንግዶችን ባየ ጊዜ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ ሮጦ ተቀበላቸው። የአብርሃ ጅራን ቀትር የምናውቅ እኛ በዚያ ሙቀት መሮጥ ምን እንደ ሆነ ይገባናል። እርሱ ውኃ አቀረበ፣ ጥላ ሰጠ፣ ምግብ አዘጋጀ። ይህን ሁሉ ያደረገው ማን እንደ ሆኑ ሳይመረምር ነው።

ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ባገኘ ጊዜ አዝኖ ብቻ አላለፈም። ቍስሉን በዘይትና በወይን አከመ፤ በአህያው ጭኖ ወደ ማደሪያ ወሰደው፤ ለቀሪው ወጪም ኃላፊ ሆነ። የሌሊቱን ማደሪያ ማሰብ የፍቅር ሥራ ክፍል መሆኑን ልብ በሉ። ጠበልንና መድኃኒትንም አናጣላ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንዱ እግዚአብሔር ነው።

ይህ ትምህርት ለተማሪ ብቻ የሚሆን አይደለም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎች በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው መጥተዋል። ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም የእኛ ላይሆን ይችላል። በሌሊት የሚያርፉበት ማጣት ግን የሁሉም መንገደኛ ችግር ነው።

ማጠቃለያ

ዲያቆኑ 17ቱን ቀን ታግሦ ዳነ። በጥር ወደ የኔታው ሲመለስ ሸኘነው፤ እርሱም እኛን ሳይወቅስ መርቆን ሄደ። ምርቃቱን የተቀበልነው ግን እያፈርን ነው። ዳቦ መስጠት መልካም ነው፤ ዳቦ ሰጥተን ፊታችንን ካዞርን ግን የሰጠነው ለሰውየው ሳይሆን ለራሳችን ዕረፍት ነው። ሕፃናት ሳለን ካነበብናት ከመልእክተ ዮሐንስ የተማርነውም ይኸው ነበር፦ ያላየነውን እግዚአብሔርን መውደዳችን የሚታወቀው የምናየውን ወንድማችንን በመውደዳችን ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት የሰንበት ት/ቤታችን ሦስት ነገር ቢያደርግ እንላለን፦ ለሚወርዱ ተማሪዎች አጎበር ማሰባሰብ፤ በደብሩ ግቢ ማደሪያ ዳስ መሥራት፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የአብነት ተማሪ ልመና ለተማሪው ምን ያስተምራል? ለሰጪውስ?
ለ. «ነዶ እየቆጠርኩ ቅኔ እቆጥራለሁ» ያለውን በእናንተ የዕለት ሥራ እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?
ሐ. በዚህ ሳምንት በደጃችሁ ያለፈ እንግዳ ማን ነው? የት እንዳደረ ጠይቃችሁታል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።