«በጥድፊያ» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ጮክ ብለን እናንብበው። በ፣ ጥ፣ ድ፣ ፊ፣ ያ። አምስት ፊደል ነው። የመጀመሪያዋን «በ» ብናነሣት «ጥድፊያ» የሚል ስም ይቀራል። «በ» ስትጨመርበት ግን ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ይነግረናል። እንዲህ ያለው ቃል ተውሳከ ግሥ ይባላል።

ጨለለቅቱ ውስጥ በቡና ለቀማ ወራት የሚሠራ አንድ ሰው እናስብ። ቀኑ ሊመሽ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቅርጫቱ ገና አልሞላም። ሰውዬው ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ይሸመጥጠዋል። እጁ ይሮጣል፤ ዐይኑ አይመርጥም። ከሚለቅመው መሬት ላይ የሚበተነው ይበዛል። በጥድፊያ ለቀመ የምንለው ይህን ነው። በአፍ ስንናገር ደግሞ «ምነው ጥድፍ ጥድፍ አልክ!» እንለዋለን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚሁ ሰው የተተረተ ይመስላል።

ጎረቤቱም እጁ አላረፈም። ግን ቀዩን ብቻ እየመረጠ ቅርጫቱን ሞላ። እሱ የለቀመው በፍጥነት ነው።

ይህ ልዩነት ኪስ ይነካል። እሸት ቡና ሁሉም በአንድ ቀን አይቀላም፤ ስለዚህ አንዱን ዛፍ ተመላልሶ መልቀም ያስፈልጋል። አረንጓዴው ከተቀላቀለበት ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የተለቀመው እሸት ደግሞ በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ለጉዳይ ዲላ ሄዶ ለቤቱ ወረቀት ይልካል እንበል። «ቡናውን በጥድፊያ ልቀሙ» ብሎ ቢጽፍ ቤተሰቡ ሸምጥጦ ይጠብቀዋል። «ቀዩን እየመረጣችሁ ልቀሙ፤ የለቀማችሁትን በፍጥነት አድርሱ» ብሎ ቢጽፍ ግን የፈለገውን ያገኛል። ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቃል አንባቢው እንዳገኘው ነው የሚወስደው፤ ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ አያርመውም።

ጥድፊያ ሁልጊዜ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ቤት ሲቃጠል ውሃ የሚቀዳው በጥድፊያ ነው። ያን ጊዜ ግማሹ ቢፈስ ማን ይቆጥረዋል?

አሁን እናንተ ሞክሩት። በባዶው ቦታ «በፍጥነት» ወይም «በጥድፊያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ለምን እንደ መረጣችሁትም ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ጌዴኦኛ የምትናገሩም ዓረፍተ ነገሩን በቋንቋችሁ በሉት።

ዝናቡ ድንገት ሲወርድብን የተሰጣውን ቡና ......... ሰበሰብን።