ጉበት ያቃተውን አንጀት ሲያግዘው

ሰንዳፋ እኛ ቤት ዱለት ሲቀርብ ታላቅ እህቴ አትነካም። «ኮርታ ነው» ይሉ የነበሩ ዘመዶች አሁን ገብቷቸዋል፤ የዊልሰን በሽታ አለባት። (ጋዜጠኝነት መማሬ ጠቀመኝ፣ ሐኪሟን በጥያቄ አሰለቸሁት።)

ጤነኛ ጉበት ትርፍ መዳብን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኛል፤ በሰገራ ይወጣል። ኤቲፒ7ቢ የተባለው ዘረ-መል ሲበላሽ ግን መዳቡ ተከማችቶ ጉበትን፣ አንጎልንም ይጎዳል። ዱለት የተከለከለችው ጉበት መዳብ ስለሚበዛበት ነው።

ታዲያ ዚንክ ምን ያደርጋል? የአንጀት ሴሎች መዳብን አንቆ የሚይዝ ፕሮቲን እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ ሴሎቹ ሲረግፉ መዳቡም አብሮ ይወጣል። ከምግብ ርቆ ስለሚዋጥ ግን ያቅለሸልሻል፤ ጠዋት ጠዋት ስትታገል አያታለሁ።

በሽታው ከሁለቱም ወላጆች ስለሚወረስ የእኔም ዕድል ከ4 አንድ ነው። ምልክት የለብኝም፤ ቢሆንም ወንድምና እህት መመርመር አለበት ተባልን። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።