መኪና በመንዝ ውርጭ ውስጥ ሲያድር

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት መኪና ይዞ አገር መዞር የተለመደ ነው። ይህ «ቤት መኪና» ወደ አገራችንም አልፎ አልፎ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በሚጓዙ መንገደኞች አማካይነት ይመጣል። ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራን ግን ነገሩ ቀለል ያለ መልክ አለው፤ የኋላ ወንበሮቹ የተነቀሉለት ሚኒባስ፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና ሦስት ጀሪካን በቂ ነው። በዚሁ ዓይነት መኪና ለዕፅዋት ጥናት ወደ ጓሳ ወጥተን፣ አራት ሆነን አንዲት የጥር ሌሊት አሳለፍን። ራት ያበሰልንበትን ከሰል ጭሱ ማለቁን አይተን ከነማንደጃው ወደ ውስጥ አስገባነውና በሩን ዘጋን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከመካከላችን አንዱ ራሱን ክፉኛ አሞት ነቃ፤ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። ቀሪዎቻችንን በጭንቅ የቀሰቀሰን እርሱ ነው። ሳይንስ እናስተምራለን የምንል ሰዎች እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራታችን ስላሳፈረን፣ በብርድ አገር በመኪና ለማደር ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ከመሠረቱ ለመመርመር ተነሣን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ውርጫማ ምድር ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም ጣርማ በር አካባቢ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ይህን የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሲጠብቅ መኖሩ ይነገራል። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና ጅባራ የሚታዩበት፣ ለተፈጥሮ ተመራማሪ እጅግ የሚያጓጓ ስፍራ ነው።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ጓሳ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ በዚህ ስሌት ብቻ ብንሄድ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ቀዝቅዞ ልናገኘው ይገባል። ይሁን እንጂ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የሚጥለውን አመዳይ ይህ ብቻውን አያስረዳውም። ዋናው ምክንያት ጨረራ ነው። ማንኛውም አካል ሙቀቱን ለዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ያለማቋረጥ ይለቃል። ደመናና የውኃ እንፋሎት ይህን ጨረር ውጠው ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሱታል። በበጋ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅና ስስ ስለሆነ፣ ምድሪቱና በላይዋ የቆመው መኪና ሙቀታቸውን ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ይረጫሉ። ስለዚህ የመኪና ጣሪያና የፊት መስተዋት በዙሪያቸው ካለው አየር እንኳ በጥቂት ዲግሪዎች ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ቴርሞሜትራችን 2 ዲግሪ እያሳየ መስተዋቱ በበረዶ ቅንጣት የተሸፈነውም በዚህ ምክንያት ነው። ማታ መስተዋቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ካርቶን ጣል ማድረግ ይህን ያስቀራል፤ ጨረሩን ወደ ጠፈር የሚልከው መስተዋቱ መሆኑ ቀርቶ ብርድ ልብሱ ይሆናልና።

የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ በመሆኑ፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። የመንዝ ገበሬ ይህን ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ገብሱን ውርጭ ቀድሞ የሚመታው በረባዳው ማሳ ላይ ነው። እኛ በዚያች ሌሊት መኪናችንን ያቆምነው፣ ከነፋስ ይከልለናል ብለን፣ በሸለቆው ግርጌ ነበር። ከተዳፋቱ አጋማሽ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ በሚያገኘው ወገን ብናቆም ኖሮ የተሻለ ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። ብዙ አሽከርካሪዎች ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጨምራሉ። በአዲስ አበባ የቅዝቃዜ ጉዳት ስለማያስከትል ልማዱ ጸንቷል። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ግን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መፈናፈኛ ካጣ የብረት ቱቦንም ይሰነጥቃል። መድኃኒቱ በገበያ ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። እዚህ ላይ ለተማሪዎች የሚጥም አንድ እንቆቅልሽ አለ። ንጹሕ ኤቲሊን ግላይኮል በ13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል፤ ንጹሕ ውኃም በዜሮ። ሁለቱ እኩል ሲቀላቀሉ ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጉ ይቆያሉ! የአንደኛው ሞለኪውሎች በሌላው መካከል እየገቡ የበረዶው ክሪስታል በሥርዓት እንዳይደረደር ስለሚያውኩ ነው። ለመንዝ ብርድ ከቅይጡ ሢሶው ግላይኮል ቢሆን ይበቃል።

ኩላንት ለብርድ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በ3,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስለሆነ፣ ውኃ ገና በ89 ዲግሪ ይፈላል። ምስር አልበስል ብሎ ያስቸገረንም ይኸው ነበር። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ሸክም የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ ያጋልጣል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲኬድ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መልሶ የወጣ ሰው ይህን ይረዳልናል። የመርሐቤቴ ቆላና የመንዝ ደጋ በአንድ ጉዞ የሚፈትኑት አንዱን ክዳን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳንሰጥ አናልፍም። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ኩላሊትን ያጠፋል፤ ጥቂቱ ውሻን ይገድላል። ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ ሲሆን በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው። ስለዚህ ራዲያተርን ጓሳ ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ የማይገባ ድርጊት ነው። ለውጡ ከጉዞው በፊት፣ ከተማ ውስጥ፣ በመካኒክ እጅ ይደረግ።

ስለ ባትሪ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ የተሞላ የሊድ ባትሪ በውስጡ ያለው አሲድ ወፍራም ስለሆነ በአገራችን በሚደርሰው ብርድ አይረጋም። የደከመ ባትሪ አሲድ ግን ወደ ውኃነት ስለሚጠጋ ጥቂት ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ሊረጋ ይችላል። በዜሮ ዲግሪ ደግሞ የባትሪው ሞተር የማስነሣት አቅም በሞቃት ቀን ከነበረው ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ የሞተሩ ዘይት በበኩሉ ወፍሮ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ መስማትና መብራት ማብራት ጠዋት ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። የናፍጣ መኪና ከሆነ ከመነሣት በፊት በማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ይገባል፤ ያ ውኃ ሌሊት ከረጋ ነዳጁ አያልፍም።

ጎማን በሚመለከት የጋዝ ሕግን በተግባር መፈተን ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ በ25 ዲግሪ ሙቀት ጎሚስታው 2.2 ባር ሞላልን እንበል። ይህ ቁጥር ከውጭው አየር በላይ ያለው ግፊት ነው፤ የከተማው አየር ግፊት 0.76 ባር ስለሆነ ጠቅላላው 2.96 ባር ይሆናል። ጓሳ ላይ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ በኬልቪን ከ298 ወደ 270 ወረደ ማለት ነውና፣ ጠቅላላው ግፊት 2.68 ባር ይሆናል። ነገር ግን የጓሳ አየር ግፊት 0.67 ባር ብቻ ስለሆነ መለኪያው 2.0 ባር ያነብባል። ብርዱ የወሰደውን ከፍታው በከፊል መለሰው! የመንገዱ ጠጠር ስለታም በመሆኑ ጎደሎ ጎማ ይዞ መሄድ አይበጅም፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይልቅ ያስገረመን በመኪናው ውስጥ ስላለው ሙቀት የሠራነው ስሌት ነው። ከባዶ ብረትና ከመስተዋት የተሠራ የሚኒባስ አካል ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5 ዋት ገደማ ያስወጣል። የመኪናው ስፋት 30 ካሬ ሜትር ቢሆን 150 ዋት በዲግሪ ማለት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ከ70 እስከ 80 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ አራት ሰው 300 ዋት። እንግዲህ አራት ሰው ተኝቶ መኪናውን ሊያሞቅ የሚችለው ከውጭው አየር በ2 ዲግሪ ብቻ ነው። ሠርተን ስንጨርስ፣ መኪናን ማሞቅ ከንቱ ድካም መሆኑንና መሞቅ የሚገባው ሰውየው መሆኑን ተረዳን። የመንዝ ሰው ባናውንና በርኖሱን ከበጉ ፀጉር ሠርቶ የሚለብሰው፣ ቤቱንም በወፍራም የጓሳ ሣር የሚከድነው ለዚህ ነው። ሱፍም ሆነ ሣር ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ባሰረው ጸጥ ያለ አየር ነው፤ እንዲህ ያለ አየር ሙቀት የማሳለፍ ችሎታው ከብረት ከሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ባናውን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ማንጠፍ ይገባል። በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ ፍራሽ አየሩን ስለሚያጣ፣ እኛን ከላይ ይልቅ ከሥር በርዶን ነበር።

ትንፋሽም ሌላ ጉዳይ ነው። አራት ሰዎች በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በትንፋሽ መልክ ይለቃሉ። አንድ ሜትር ኩብ አየር በዜሮ ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው የውኃ እንፋሎት 5 ግራም እንኳ አይሞላም፤ 10 ሜትር ኩብ ለሆነው መኪናችን 50 ግራም ብቻ። የተረፈው ሁሉ በመስተዋቱና በጣሪያው ላይ ይረጋል፤ ጠዋት ሲቀልጥም ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። የረጠበ ሱፍ ብርድ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳልና፣ ብርዱን ፈርቶ መስኮት ጥርቅም አድርጎ ከመዝጋት ይልቅ በሁለት ወገን ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት መተው ይመረጣል።

ይህ ክፍተት ግን ከሰል አስገባን ለማለት ፈቃድ አይሆንም። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ ደምቆ ጭሱ ሲያልቅ «አሁን ጠራ» ብለን ማስገባታችን ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሚያስለቅሰው ጭስ ቢያልቅም ገዳዩ ጋዝ አላለቀም። በደማችን ያለው ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ በዚያ ከፍታ ደግሞ ኦክስጅኑ አስቀድሞ በሢሶ ጎድሏል። ስሌቱን በወረቀት ላይ ስንሠራው ደነገጥን። በማንደጃው ውስጥ 100 ግራም ከሰል ቀርቶ ነበር እንበል። ከካርቦኑ አሥር በመቶው ብቻ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢለወጥ 23 ግራም ይወጣል፤ በጓሳ ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ይህ 28 ሊትር ነው። በ10 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሲሰራጭ ወደ 0.3 በመቶ ይጠጋል። በዚህ መጠን የቆየ ሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ ሊሞት ይችላል። እኛን ያተረፈን ጥሩ የማይገጥመው የኋላ በር ይመስለናል፤ ከጉዞው በፊት ይጠገን ብለን ስንከራከርበት የነበረው በር።

ራስ ምታቱን መጀመሪያ በከፍታው ማመካኘታችንም አደገኛ ነበር። ከፍታም ራስ ያሳምማልና። ነገር ግን በአንድ መኪና ያደሩ ሁሉ አንድ ላይ ከታመሙና ውጭ ሲወጡ እየተሻላቸው ከሄደ፣ ጋዙን መጠርጠር ይገባል። ወዲያው ሁሉንም ማስወጣት፣ እሳቱን ማራቅ፣ ራሱን የሳተ ወይም የተምታታበት ሰው ካለ ኦክስጅን ወደሚገኝበት ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ሞተር አስነሥቶ በማሞቂያው እየሞቁ መተኛትም ያው ነው፤ የጭስ ማውጫው የተሰነጠቀ እንደሆነ መርዙ ወደ ውስጥ ይገባል።

የማብሰያው ጋዝ ግን ከሠጋነው በላይ ሠራልን። ቡቴን በባሕር ጠለል ላይ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መትነኑን ያቆማል፤ በጓሳ ዝቅተኛ ግፊት ግን እስከ 11 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተንናል። ምድጃው ውጭ ሆኖ ከነፋስ ከተከለለ ጠዋት ለሻይ አያሳፍርም።

ውኃውን በተመለከተ፣ 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ አይረጋም። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለመርጋት 334 ኪሎ ጁል ሙቀት መልቀቅ አለበትና ጊዜ ይወስዳል። ቀጭን ቱቦና ቧንቧ ግን የያዙት ውኃ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይረጋሉ፤ ማታ ባዶ ማድረግ ይገባል። የሚጠጣውን ውኃ በፕላስቲክ ዕቃ፣ አፉ ድረስ ሳይሞሉ፣ ከመኝታው አጠገብ ማኖር ይበቃል።

ሁለተኛውን ጉዞ ያደረግነው በታኅሣሥ ነበር። ማንደጃውን አዲስ አበባ ተውነው፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ ሁለት ባና ገዛን፤ መኪናውን ከተዳፋቱ አጋማሽ ላይ አቆምን። ንጋት ላይ ቴርሞሜትሩ ውጭ 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ውስጥ ዜሮን አሳየ። አንድ ባልደረባችን መስተዋቱን በፈላ ውኃ ላጥበው ሲል ከለከልነው፤ ድንገት የሞቀው ወገን ሲለጠጥና ቀሪው እንደ ቀዘቀዘ ሲቆይ መስተዋቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። ብርድ ልብሱን ብቻ ገፈፍነው። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ጭላዳዎቹም ከገደሉ ወደ ሣሩ መውጣት ጀምረው ነበር።