ለሚወርድ ውሃ የሚሆን ጀልባ

ባኬ ጃማም ሆነ ሌላ የነቀምት ሰፈር ሆኖ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስብ ሰው ሁለት ዓይነት ውሃ በቅርብ ያገኛል። ወደ በደሌ ሲወርድ ደዴሳን፣ ወደ ቡሬ ሲሄድ አንገርንና ዓባይን ይሻገራል፤ እነዚህ የሚወርድ ውሃ ናቸው። በሆሮ ጉዱሩ በኩል ያለው የፊንጫ ግድብ ግን የቆመ ውሃ ነው። ጀልባ ከመምረጣችን በፊት ይህን ልዩነት እንረዳ።

የቆመ ውሃ ስንል ጀልባውን ወደ የትም የማይወስድ ማለታችን ነው፤ ስለዚህ እዚያ የቀዛፊው ሥራ መሄድ ነው። የሚወርድ ውሃ ግን ጀልባውን ይዞት ይሄዳል። እዚህ የቀዛፊው ሥራ መዘግየት ነው። ከውሃው ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ አምባዛና ቢልጫ ከሚውሉበት ዳር ፊት ለፊት ይቆያል፣ ከዓለትም ይርቃል። የቀረው ትምህርት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የጣና ታንኳ ከደንገል፣ ለቆመ ውሃ የተሠራ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዓለት ቢገጨውም ይፈታል። ታንኳን አልነቅፍም፤ ቦታው ደዴሳ አይደለም እንጂ።

ወራጅ ጀልባ የምንለው ከወንዙ ጋር ቁልቁል እየሄደ በመቅዘፊያ የሚገታውን ነው። የታወቀው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ በኦሪገን፣ በማኬንዚ ወንዝ የተሠራው የእንጨት ጀልባ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ውሃ ያልፋል። ፊቱና ኋላው ወደ ላይ የቀና ስለሆነ ውሃው ጫፉን አይዘውም፤ ጀልባው ባለበት ቶሎ ይዞራል። ቀዛፊው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ይቀመጣል፤ መቅዘፊያውን ወደ ራሱ ሲስብ ጀልባው ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ላይ፣ ይጎተታል። ዓለት ሲያይ የጀልባውን ፊት ወደ ዓለቱ አዙሮ ወደ ኋላ ይስባል። ለጀማሪ ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚታይ አደጋ ጀርባ ከተሰጠው አደጋ ይሻላል።

ሁለተኛው ምርጫ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን ዓባይን ሲወርድ በላይኛው ሸለቆ የተጠቀመው በዚህ ዓይነት ነበር። ጎማ ዓለት ሲነካው ይለመጣል እንጂ አይሰበርም፤ ተጠቅልሎም በፒክአፕ ይጫናል። ድክመቱ ነፋስ በቀላሉ የሚገፋውና የሚቀደድ መሆኑ ነው። አዞ ባለበት ወንዝ መቀደድ ቀላል ነገር ስላልሆነ ብዙ የተለያዩ የአየር ክፍሎች ያሉትን ምረጡ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌሎቹ ይይዙታል። ጀልባ ማውረጃ ላልተሠራለት የወለጋ ወንዝ፣ መቅዘፊያ የሚታሰርበት የብረት ወይም የእንጨት ማዕቀፍ የተገጠመለትን የጎማ ጀልባ እመርጣለሁ።

እስካሁን ቅርጹን አየን፤ አሁን ወደ ዕቃው እንለፍ። ጀልባውን የሚገቱት ሁለት መቅዘፊያዎች ናቸው፤ ሦስተኛ መለዋወጫ ይያዝ፤ አንዱ ከተሰበረ ጀልባው የወንዙ ነውና። የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል፤ መልበስም እንጂ መያዝ ብቻ አይበቃም። መቅጃ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ የጎማ መጠገኛና መንፊያ ይጨመሩ።

መልህቅ ጀልባን ባለበት የሚያቆም ክብደት ነው። ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ በወንዝ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው እርሱን ነውና። ሰው ደኅንነት ይመስለዋል፤ በፈጣን ውሃ ግን ጀልባን ሊያሰጥም ይችላል፤ ጀልባው ሲያዝ ውሃው አይቆምምና ተከምሮ ይገባል። ስለዚህ መልህቅ የሚጣለው ቀስ ባለ ውሃ ብቻ ነው፤ የሚታሰረውም ወደ ላይ በሚያየው በኋላው በኩል ነው። የገመዱ ጫፍ እንዳይቋጠር፤ ሲያስፈልግ ሙሉ በሙሉ ሾልኮ መሄድ አለበት። ቢላዋም ለእጅ ቅርብ ይሁን።

ጉማሬን በተመለከተ ዕቃ አይረዳም፤ መንገዱን መልቀቅ ብቻ ነው። ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ውሃ ይሮጣልና ጀልባው በእርሱና በጥልቁ መካከል አይግባ።

ከመግዛታችሁ በፊት ወንዙ በጎደለበት በበጋ ወራት ልትወርዱበት ያሰባችሁትን ክፍል በእግር ሂዱበት። ዓለቱ የት እንዳለ፣ ጉማሬው የት እንደሚውል የዳሩን አጥማጆች ጠይቁ፤ የጀልባውን ዓይነት የሚወስነው የእነርሱ መልስ ነው። በክረምት ደዴሳ ሲሞላ ግን አትውረዱ።