በጋራ ስለምንጠቀምበት ፎልደርና ስለ ሁለቱ በሮች

ብዙዎቻችን ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን፣ ሦስትም አራትም ሆነን በአንድ ዋይፋይ እንጠቀማለን። ከኮምፒዩተሮቹ አንዱ ሰፊ ዲስክ ያለው እንደ ሆነ መጻሕፍቱም የመመረቂያው ጽሑፍም በእርሱ ላይ ይከማቻል፤ ፎልደሩም «ኤቭሪዋን» ለተባለው ወገን፣ ያውም በሙሉ ሥልጣን ይከፈታል። በእኛ ቤት ይህ በተደረገ ጊዜ በእንግድነት የመጣ የአንድ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ቦታ አስለቅቃለሁ ብሎ ከራሱ ላፕቶፕ የሁለት ወር ሥራ አጠፋ። በኔትወርክ በኩል የተሰረዘ ፋይል እንደ ልማዱ ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ልጁን ተቆጣነው፤ በሩን ክፍት የተውነው ግን እኛ ነን።

በዊንዶውስ የተጋራ ፎልደር ሁለት በሮች አሉት ማለት ይቻላል። አንደኛው የአጥሩ በር ነው፤ ይኸውም የማጋራት ፈቃድ የሚባለው ሲሆን ማንበብ፣ መለወጥና ሙሉ ሥልጣን የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ሁለተኛው የክፍሉ በር ነው፤ ይኸውም በ1993 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤን.ቲ. ጋር የወጣው ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው የዲስክ አሠራር በየፎልደሩና በየፋይሉ ላይ የሚይዘው ፈቃድ ነው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ ስላለበት ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ይጸናበታል። አጥሩ «ሙሉ ሥልጣን» ቢለውም ክፍሉ «ማንበብ ብቻ» ካለው አንባቢ ሆኖ ይቀራል። በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ቀድሞውንም ከግቢው ውስጥ ነውና የአጥሩ በር አያግደውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ለእያንዳንዱ የቤት ጓደኛ በየስሙ አካውንትና የይለፍ ቃል ይውጣለት፤ «ኤቭሪዋን» ይነሣ። የውስጠኛው ፎልደር የላይኛውን ፈቃድ ስለሚወርስ መጻሕፍቱንና የመመረቂያውን ጽሑፍ ለየብቻ አስቀምጡ፤ በመጻሕፍቱ ላይ ለሁሉ ማንበብ፣ በጽሑፉ ላይ ለባለቤቱ ብቻ መለወጥ ይሰጥ። የመከልከያውን ምልክት ግን ባትነኩት ይሻላል፤ ክልከላ ፈቃድን ስለሚሽር «ኤቭሪዋን»ን የከለከለ ሰው ራሱንም ውጭ ያስቀራል። በስሙ መጨረሻ የዶላር ምልክት ጨምሮ ፎልደሩን መሰወርም (አንዳንዶች በዚህ ይመካሉ) ቁልፍ አይደለም።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ በሌላ ጓደኛ ላፕቶፕ በስሙ ገብታችሁ ከጽሑፉ ፎልደር ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠ አንድ ባዶ ፋይል ለማጥፋት ሞክሩ። እንቢ ካለ ሠርቷል፤ እሺ ካለ ሁለቱንም በሮች እንደ ገና ተመልከቱ።