ተጫዋቹ ሄደ፤ ገበያተኛው ቀረ

አንድ ነጋዴ መርካቶ ያለውን ሱቅ ዘግቶ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር ከደንበኞቹ ምን ያህሉ ይከተሉታል? ጥያቄው ለባለሱቅ አዲስ አይደለም፡፡ ሱቅ የቀየረ ሁሉ መልሱን በራሱ ኪሳራ ወይም ትርፍ ያውቀዋል፡፡ በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋች ላይ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተፈትኖ ነበር፡፡ ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም፣ ውጤቱ ሱቅ ለሚገዛም ሆነ በሌላ ሰው ንግድ ላይ ገንዘቡን ለሚያውል ሰው ትምህርት የሚሆን ነው፡፡

ተጫዋቹ ታይለር ብሌቪንስ ይባላል፡፡ ዓለም የሚያውቀው «ኒንጃ» በሚለው የመድረክ ስሙ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 የተወለደ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያደገው በኢሊኖይ ግዛት፣ ከቺካጎ ብዙ በማትርቀው ግሬይስሌክ ነው፡፡ ከ2009 ጀምሮ «ሄሎ» በተባለው ጨዋታ በውድድሮች ሲሳተፍ የቆየ ሲሆን፣ ዝና ከማግኘቱ በፊት በአንድ የፈጣን ምግብ ቤት ተቀጥሮም ሠርቷል፡፡ በ2011 ጨዋታውን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሠራጨት ጀመረ፡፡

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው ሥራ አይመስልም፡፡ ሰውዬው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይጫወታል፤ ካሜራ ፊቱን ያሳያል፤ እሱም በጨዋታው ላይ የሚሆነውን እየተከተለ ይተነትናል፣ ይቀልዳል፣ ተመልካቾች ለሚጽፉለት መልስ ይሰጣል፡፡ ጨዋታው የእሱ አይደለም፤ ንብረትነቱ የሠራው ኩባንያ ነው፡፡ ሥርጭቱ የሚተላለፍበት መድረክም የእሱ አይደለም፡፡ የእሱ የሆነው ችሎታው፣ አንደበቱና ከተመልካቹ ጋር የመሠረተው ወዳጅነት ብቻ ነው፡፡

በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ነጋዴዎች አሉ፡፡ አንደኛው አስተያየቱን በቪዲዮ ቀርጾ የሚያስቀምጥ ነው፡፡ «ፒውዲፓይ» በሚል ስም የሚታወቀው ስዊድናዊው ፊሊክስ ሼልበርግ ከ2010 ጀምሮ በዩቲዩብ የገነነው በዚህ መንገድ ነው፡፡ የተቀረጸ ቪዲዮ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ተኝቶም ቢሆን ይሸጣል፡፡ ዩቲዩብም ረዘም ባሉ ቪዲዮዎች ላይ ከሚወጣው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለባለቪዲዮው ይሰጣል፡፡ ሁለተኛው ዓይነት እንደ ኒንጃ በቀጥታ የሚያሠራጭ ነው፡፡ የእሱ ዕቃ እንደ ወተት ነው፤ በዕለቱ ካልተሸጠ ይበላሻል፡፡ ኒንጃ በ2018 በብዙ ቀናት እስከ 12 ሰዓት ያህል ይጫወት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ገቢው ከየት ይመጣል?

ኒንጃ የተጠቀመበት መድረክ ቱዊች ይባላል፡፡ አማዞን በ2014 በ970 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ኩባንያ ነው፡፡ በዚህ መድረክ ላይ የአሠራጩ ገቢ ከአራት ምንጮች ይመጣል፡፡ እነሱም ተመልካቹ በየወሩ በፈቃዱ የሚከፍለው መዋጮ፣ በሥርጭቱ መካከል የሚሰጠው ጉርሻ፣ የማስታወቂያ ድርሻና ከድርጅቶች ጋር የሚገባው የማስተዋወቅ ውል ናቸው፡፡

ዋናው ምሰሶ ወርኃዊው መዋጮ ነው፡፡ ዋጋው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ 4.99 ዶላር ነበር፡፡ በተለመደው አሠራር ግማሹን መድረኩ ይወስዳል፤ ትልልቆቹ ግን ተደራድረው እስከ 70 በመቶ ያገኙ ነበር፡፡ ለምሳሌ 150 ሺሕ ወርኃዊ ከፋይ ያለው ሰው በግማሽ ድርሻ በወር 375 ሺሕ ዶላር ያህል፣ በ70 በመቶ ደግሞ 525 ሺሕ ዶላር ያህል ያገኛል ማለት ነው፡፡ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ሰው ነው፡፡

አንድ ሰው ይህን ያህል ሲያገኝ በሺሕ የሚቆጠሩት ለምን ምንም አያገኙም? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ሸርዊን ሮዘን በ1981 ባሳተሙት ጥናት መልሱን ሰጥተዋል፡፡ አንድ አገልግሎት ያለ ተጨማሪ ወጪ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችል ከሆነ፣ በችሎታ ጥቂት የሚበልጠው ሰው ገበያውን በሙሉ ሊወስድ ይችላል፡፡ ፀጉር አስተካካይ ቢበዛ በቀን የተወሰነ ሰው ያስተናግዳል፤ የተቀረው ለጎረቤቱ ይተርፋል፡፡ በቀጥታ የሚያሠራጭ ሰው ግን አንድ ሺሕም ሆነ አንድ መቶ ሺሕ ቢመለከተው ድካሙ ያው ነው፡፡

ማዕበሉና 48 ሰዓቱ

ኒንጃ ስድስት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ2017 መስከረም ወር ገደማ በቱዊች የነበሩት ተከታዮች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበሩ፡፡ በዚያው ወር ኤፒክ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የ«ፎርትናይት»ን የመቶ ተጫዋቾች ፍልሚያ ለሕዝብ በነፃ ለቀቀ፡፡ ኩባንያው የሚያተርፈው ከመግቢያ ሳይሆን ተጫዋቾቹ ከሚገዙት የጨዋታ ልብስና ጌጥ ነው፡፡ ጨዋታው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ኒንጃም ከቀዳሚዎቹ ጎበዞች አንዱ ሆኖ ተገኘ፡፡ በስድስት ወር ውስጥ ተከታዮቹ ከሁለት ሚሊዮን አለፉ፡፡

ማርች 14 ቀን 2018 ከታዋቂው ራፐር ድሬክ ጋር ሲጫወት በአንድ ጊዜ ከ600 ሺሕ በላይ ሰው ተመለከተው፡፡ ለአንድ ግለሰብ ሥርጭት ይህ በወቅቱ የመድረኩ ክብረ ወሰን ነበር፡፡ በዚያው ወር ለሲኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲናገር በወር ከ500 ሺሕ ዶላር በላይ እንደሚያገኝ ገለጸ፡፡ በሐምሌም በቱዊች 10 ሚሊዮን ተከታይ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፡፡

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ትንሽ አኃዝ ነበረች፡፡ በ2018 ሰኔ ወር ኒንጃ ለሥራ ጉዳይ ከ48 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ሥርጭቱን ቢያቋርጥ 40 ሺሕ ከፋዮች እንደቀነሱበት ራሱ አስታወቀ፡፡ በግማሽ ድርሻ እንኳን ቢሰላ ይህ በወር የ100 ሺሕ ዶላር ገቢ ነው፡፡ ለምን ሆነ ቢባል፣ የአማዞን ፕራይም አባላት በየወሩ አንድ አሠራጭ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መደገፍ ይችላሉ፤ ነገር ግን ይህ ድጋፍ በራሱ አይታደስም፡፡ ተመልካቹ በየወሩ ራሱ መጥቶ ማደስ አለበት፡፡ ባለሱቁ በሌለበት ቀን የመጣ ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል፡፡

እንግዲህ የሰውዬው ሀብት ከላይ ሲታይ ትልቅ፣ ከሥሩ ሲታይ ግን ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት ነበር፡፡ አንዱ የራሱ ጤናና ጉልበት፣ ሁለተኛው የአንድ ጨዋታ ፋሽን፣ ሦስተኛው የሌላ ሰው መድረክ ነው፡፡

ማይክሮሶፍት ምን ገዛ?

ማይክሮሶፍት በ2016 ቢም የተባለ አነስተኛ የሥርጭት ኩባንያ ገዝቶ በ2017 ሚክሰር ብሎ ሰይሞት ነበር፡፡ ሚክሰር በቴክኒክ የሚናቅ አልነበረም፤ የጎደለው ተመልካች ነው፡፡ ስለዚህ ተመልካች ያለውን ሰው መግዛት እንደ አቋራጭ ታየ፡፡ ኦገስት 1 ቀን 2019 ኒንጃ ከቱዊች ወጥቶ በሚክሰር ብቻ ለማሠራጨት መዋዋሉ ይፋ ሆነ፡፡ የውሉ ዋጋ በይፋ አልተነገረም፤ ሲኤንኤን በኋላ ላይ በዘርፉ የሚሠሩ ሰው ግምትን ጠቅሶ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ዘግቧል፡፡

ሲወጣ በቱዊች ከ14 ሚሊዮን በላይ ተከታዮች ነበሩት፡፡ በሚክሰርም በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ደንበኛ አስመዘገበ፡፡ ጋዜጦች ይህን ቁጥር በትልቁ ጻፉት፤ ነገር ግን ምዝገባው ለጊዜው በነፃ የተሰጠ ነበር፡፡ በነፃ የመጣ ገበያተኛና ከፍሎ የሚመጣ ገበያተኛ አንድ አይደሉም፡፡ በ2019 ሦስተኛ ሩብ ዓመት የወጡት የዘርፉ አኃዞች እውነቱን አሳዩ፡፡ በሚክሰር ላይ የተሠራጨው ሰዓት በእጅጉ ጨመረ፤ የታየው ሰዓት ግን ከፊተኛው ሩብ ዓመት ቀነሰ፡፡ የኒንጃን ዱካ ተከትለው ሻጮች ገቡ እንጂ ገዢዎች አልገቡም ማለት ነው፡፡

ተመልካቹ ለምን ቀረ? ኒንጃን ጠልቶ አይደለም፡፡ ሰው ወደ ገበያ የሚሄደው ለአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፡፡ ሌሎቹ የሚወዳቸው አሠራጮች፣ በጽሑፍ የሚያወራቸው ጓደኞቹና በአማዞን በኩል ያለው የወር ድጋፍ ሁሉ ያሉት በቱዊች ነበር፡፡ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን «የመረብ ውጤት» ይሉታል፡፡ ገበያው ዋጋ የሚኖረው ሌሎች ሰዎችም እዚያ ስላሉ ነው፤ አንድ ነጋዴ፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ገበያውን አዝሎ አይሄድም፡፡

በጥቅምት 2019 ሌላው ዝነኛ ተጫዋች «ሽራውድ»ም ወደ ሚክሰር ተዛወረ፡፡ ሁኔታው ግን አልተለወጠም፡፡ ጁን 22 ቀን 2020 ማይክሮሶፍት ሚክሰርን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከአንድ ወር በኋላም ተዘጋ፡፡ ከኒንጃ ዝውውር እስከ መዘጋቱ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላም፡፡

መልካም ዝናና የኪራይ መብት

ይህን ነገር ለመረዳት የኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ እስኪተካ ድረስ ለስድሳ ዓመታት ያህል የተሠራበት የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን በክፍል በክፍሉ ለይቶ አስቀምጦት ነበር፡፡ ዋናው ክፍል መልካም ዝና ነው፤ ይኸውም ደንበኛ ወደ ነጋዴው ይመጣል ተብሎ የሚገመትበት ዋጋ ነው፡፡ የንግዱ ስምና የሚሠራበት ቤት የኪራይ መብት ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ሆነው ተጠቅሰዋል፡፡ አንድ ሰው ሱቅ ሲገዛ የሚገዛው የእነዚህን ድምር ነው፡፡

ኒንጃ መልካም ዝና ነበረው፤ የኪራይ መብት ግን አልነበረውም፡፡ ገጹ፣ የተከታዮቹ መዝገብና የከፋዮቹ ዝርዝር የመድረኩ ነበሩ፡፡ ይህም ወዲያውኑ ታየ፡፡ እሱ ከወጣ በኋላ ቱዊች ባዶውን ገጽ የሌሎችን ሥርጭት ማስተዋወቂያ አደረገው፡፡ በነሐሴ 2019 በዚያ ገጽ ላይ ከቀረቡት አንዱ የብልግና ሥርጭት ሆኖ ተገኘ፡፡ ኒንጃ በስሙ ላይ በደረሰው ነገር በአደባባይ ቅሬታውን አሰማ፤ የቱዊች ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤሜት ሺርም ይቅርታ ጠየቁ፡፡ ሱቁን ለቆ የሄደ ነጋዴ ስሙ በር ላይ እንደተጻፈ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ እንደሚሸጥበት ያለ ነገር ነው፡፡ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይኸው ነው፡፡

ታዲያ ማን ከሰረ?

ኒንጃ ከሰረ ለማለት ያስቸግራል፡፡ ሚክሰር ሲዘጋ ከውሉ ነፃ ወጥቶ በመስከረም 2020 ወደ ቱዊች በአዲስ ውል ተመለሰ፡፡ ፎርብስ መጽሔትም የ2019 ገቢውን 17 ሚሊዮን ዶላር ገምቶ ከጨዋታ አሠራጮች አንደኛ አድርጎት ነበር፡፡ እርግጥ ነው፣ ከተመለሰ በኋላ አማካይ ተመልካቹ ከ2018ቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ሆኗል፡፡ ነገር ግን የፎርትናይት ማዕበል ባለበት አይቆይም ነበርና፣ ባይንቀሳቀስም ኖሮ አንድ ቀን መቀነሱ አይቀርም ነበር፡፡ ሰውዬው ያደረገው ቡና ገበሬ ፍሬውን በዛፉ ላይ እንዳለ በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ እንደሚያደርገው ነው፡፡ የመጪውን ጊዜ ሥጋት ለገዢው አስተላልፎ በጥሬ ገንዘብ ወጣ፡፡

የከሰረው ገዢው ነው፡፡ የከሰረውም ውድ ስለከፈለ ብቻ አይደለም፤ ሻጩ ያልነበረውን ነገር የገዛ መስሎት ስለነበረ ነው፡፡ የሰውዬውን ጊዜ ገዛ፤ ገበያተኛው ግን በሽያጩ ውስጥ አልነበረም፡፡

ኒንጃም የራሱን ትምህርት ሳይወስድ አልቀረም፡፡ በመስከረም 2022፣ ለአጭር ጊዜ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ፣ በአንድ መድረክ መወሰኑን ትቶ በቱዊች፣ በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በሌሎችም በአንድ ጊዜ ማሠራጨት ጀመረ፡፡ አንድ ሱቅ ይዞ ከመቀመጥ በየገበያው መደርደሪያ መከራየት መሆኑ ነው፡፡ በማርች 2024 ደግሞ በእግሩ ላይ የቆዳ ካንሰር እንደተገኘበት አስታወቀ፤ በጊዜ የተደረሰበት በመሆኑ ታክሞ ድኗል፡፡ ከሦስቱ እግሮች አንደኛው፣ የራሱ ጤና፣ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ያኔ ታየ፡፡

በአንድ ሰው ዝና ላይ የቆመ ንግድ፣ ምግብ ቤትም ይሁን ክሊኒክ፣ የልብስ ስፌትም ይሁን የድለላ ቢሮ፣ ለመግዛት ወይም በሽርክና ለመግባት የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል፡፡ አንደኛ፣ ደንበኛው የሚመጣው ለሰውዬው ነው፣ ለቦታው ነው ወይስ በዙሪያው ላሉት ሌሎች ሱቆች? ሁለተኛ፣ የደንበኞቹ መዝገብና አድራሻ በማን እጅ ነው፤ በሽያጩስ ይተላለፋል ወይ? ሦስተኛ፣ ባለሙያው ለሁለት ቀን ቢቀር ገቢው በስንት ይቀንሳል? ለሦስተኛው ጥያቄ ሻጩ የሚሰጠው መልስ ብቻ አይበቃም፤ ገዢው ባለሙያው በሌለበት ቀን ሱቁ ድረስ ሄዶ ቢቆጥር ይሻለዋል፡፡