ጨፍጋጋ ሰማይ፣ ጨፍጋጋ ፊት

በእንግሊዝኛ «ግሉሚ» የሚባል ቅጽል አለ። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት «ያዘነ» ብለን ተርጉመን አልፈነዋል። ይህ ግን አይበቃም። ያዘነ ሰው «ሳድ» ይባላል፤ ግሉሚ ግን ሰውም፣ ቀንም፣ ቤትም ብርሃን ሲጎድለው የሚሰጠው ስም ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ግሉሚ ነው እንጂ ሳድ አይባልም። ተስፋ የማይሰጥ ወሬም እንዲሁ ግሉሚ ነው።

ለእኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ነገሩ ሩቅ አይደለም። በክረምት ጉም ጦሳን ሸፍኖ በቀትር መብራት ስናበራ «ዛሬስ ጨፍግጓል» እንላለን። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ትቀበለናለች፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይለያያልና። ያኮረፈውንም ሰው «ፊቱ ጨፍግጓል» እንለዋለን። እንግዲህ የግሉሚ እውነተኛ አቻው «ጨፍጋጋ» ነው። (ከተማችን ደሴ ስሟን ያገኘችው ከደስታ ነው መባሉ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው!)

ግሪኮችም ሰማይንና ፊትን እንዲሁ ያያይዙ ነበር። በማቴዎስ 16፥3 ስለ ሰማዩ መደመን፣ በማርቆስ 10፥22 ስለ ባለጠጋው ፊት መጥቆር የተነገረው በግሪክኛው አንድ ግስ ነው።

ከሁሉ ያስገረመን ግን «ስኩትሮፖስ» የሚለው ሌላው ቃል ነው። በሐዲስ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል። አንደኛው በማቴዎስ 6፥16 ሲሆን፣ መጾማቸው ለሰው እንዲታይ ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ሰዎች ነው። ሁለተኛው በሉቃስ 24፥17 ወደ ኤማሁስ ስለሚሄዱት ሁለት ሰዎች ነው። ጌታ የፊተኞቹን መልክ አታድርጉት ብሎ ከለከለ፤ ከኋለኞቹ ጋር ግን አብሮ እየሄደ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቀ። በኋላ ለማመን ስለ መዘግየታቸው ገሠጻቸው እንጂ ስለ ፊታቸው አልገሠጻቸውም።

ይህን ልዩነት ያጠናነው ከጥፋታችን በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞቻችን ከገባ በኋላ፣ ወንድሟን ያጣች እኅታችን ለመዝሙር ጥናት ብትመጣ «ምነው ጨፈገግሽ? ክርስቲያን እኮ ነሽ» ያልናት እኛው ነን። ሦስት ሳምንት ቀረች። በአራተኛው እሑድ ቤቷ ሄደን ተቀመጥን። ስለ ፊቷ ማንም አላነሣም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ስለ ወንድሟ ራሷ ጀመረችልን።